ትከሻሽን ተይው

አስተማሪው ከኋላዬ መጣና ሁለት ጣቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «ይሄን ተይው» አለኝ ሳቁን ለመያዝ እየታገለ። «ወገብሽ ይሥራ።» እኔ እቴ! ወገቤ ሥራ እንደሚችል ማን ነገረው? ሙዚቃ ሲነሳ ትከሻዬን እንጂ ሌላ ነገር አንቀሳቅሼ አላውቅም። ሰርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሁሌም ትከሻ። አሁን ግን ዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ከማላውቃቸው ሃያ ሰዎች ጋር ተሰልፌ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት ሰባት» እያልኩ እቆጥራለሁ። አራትና ስምንት የሉም። የት ሄዱ ብዬ ጠየቅኩ። «እዚያ ላይ ታርፊያለሽ» ተባልኩ። ያረፍኩት ግን ጎኔ የነበረው ሰውዬ እግር ላይ ነው።

ሳልሳ ቻልኩ ብዬ ጉራ ልነዛ አይደለም፤ ዛሬም ገና ነኝ። የሚቆጨኝ መዘግየቴ ነው። እዚህ አገር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሥራ ሁለቱንም ከላቲኖች ጋር ነው ማለት ይቻላል። አብሬያቸው ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ልጫለሁ፣ አብሬያቸው የሌሊት አውቶቡስ ጠብቄያለሁ፣ የጎረቤቴ ሙዚቃ ግድግዳ አልፎ ልጄን ሲቀሰቅስብኝ ተራግሜያለሁ። ሲሠሩ አውቃቸዋለሁ። ሲጫወቱ ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኛ ሀበሾች ደግሞ «አሚጎ» ብለን በአንድ ቃል ጠቅልለናቸዋል፤ ከፔሩ ይምጣ ከሆንዱራስ፣ አሚጎ ነው። ፈረንጅ ናይጄሪያዊውንም እኛንም «አፍሪካን» ብሎ ሲጠቀልለን ግን እንቆጣለን።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምግብ ቤት ነበር፣ ኪችን ውስጥ። የቤቱ ስም ይቅር። በእንግሊዝኛዬ ስጨነቅ ነው የገባሁት፤ ለካ ኪችኑ የሚሠራው በስፓኒሽ ነው። «አትራስ!» ካሉሽ ከኋላሽ ሰው አለ ማለት ነው። «ካልየንቴ!» ካሉሽ ትኩስ ነገር እየመጣ ነው፣ ዞር በይ። ይቺን ሁለተኛዋን ቃል የተማርኩበት ማስታወሻ ግራ ክንዴ ላይ እስካሁን አለ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች።

ክንዴን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዛ የቆመችው አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ነበረች። ከእናቴ ትንሽ ነው የምታንሰው። ሁሉም «ኒኛ» ይላታል። ኒኛ ትንሽ ሴት ልጅ ማለት መሆኑን ከስልኬ አይቼ፣ ይቺን የሚያህል ትልቅ ሰው ላይ ይቀልዳሉ እንዴ ብዬ ገረመኝ። በኋላ ሲገባኝ ሳልቫዶሮች ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ ከስሟ በፊት «ኒኛ» ይላሉ። እትዬ ማለት ነው በቃ። ቋንቋቸውም አንተና እርስዎን ይለያል። ማታ ስንለያይ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ትለኛለች፤ ቃል በቃል «መጀመሪያ እግዜር» ነው፣ እኛ «እግዜር ካለ» የምንለው። ፈረንጆቹ «ሲ ዩ ቱሞሮ» ብለው ሲወጡ ነገን ኪሳቸው ውስጥ የያዙ ይመስለኛል። እኔና ኒኛ ግን ነገን እንደዚያ አናምናትም።

ምክንያትም አለን። ኒው ዮርክ ብትሄዱ ፖርቶሪኮና ዶሚኒካን ነው የምታገኙት፣ ማያሚ ኩባ ነው። ዲሲና አካባቢዋ ግን ከላቲኖቹ በቁጥር ትልቁ የሳልቫዶር ሰው ነው። አገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ነው የጎረፉት። ኢንቲፑካ ከምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ የመጣው ሰው ብዛት ያስገርማል፤ የአንድ ቀበሌ ሰው ተጠራርቶ አንድ ሕንፃ ላይ እንደሚከራየው በሉት። የኛም ሰው በዚያው ዘመን ነው ደርግን ሸሽቶ በሱዳን በኩል እየዞረ እዚሁ የደረሰው። ሁለቱም ያረፉት አዳምስ ሞርጋንና ማውንት ፕለዘንት አካባቢ ነበር፣ ቤት ኪራይ ገና ሰው ሳይገድል። ቲፒኤስ የምትባለዋን የጊዜያዊ ከለላ ወረቀት ራሱ እነሱ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ከዚያም በ2001 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ፣ እኛ በ2022 ነው ያገኘናት። ሀበሻ ኪችን ውስጥ ስለ ወረቀት ማውራት ሲጀምር ኒኛ ቋንቋውን ሳትሰማ ርዕሱን ታውቀዋለች።

ወደ መጫወቱ የገባሁት በሆዴ በኩል ነው። አንድ እሑድ ኒኛ ላንግሊ ፓርክ ወዳለ አንድ ፑፑሳ ቤት ወሰደችኝ። ላንግሊ ፓርክ ሀበሻ ከሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አሥር ደቂቃ ናት፤ ስንት ዓመት አልፌባታለሁ፣ አንድ ቀን አልቆምኩም። ፑፑሳ የበቆሎ ሊጥ ነው። ሴትየዋ ሊጡን ድቡልቡል ታደርገዋለች፣ መሃሉን በአውራ ጣቷ ትጎደጉደዋለች፣ አይብ ወይ ቦሎቄ ትጨምርና አፉን ትዘጋዋለች። ከዚያ በሁለት መዳፏ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ እያደረገች እያዞረች ታሳሳዋለች፣ ምጣዱ ላይ ታሳርፈዋለች። ያ የመዳፍ ድምፅ በራሱ ሙዚቃ ነው፤ አጠገቡ ቆሜ ቡና የሚወቀጥ ነው የመሰለኝ። ከጎኑ ኩርቲዶ ይመጣል፣ ኮምጣጤ የጠጣ ጥቅል ጎመን። የሚበላው ደግሞ በእጅ። ሹካ ስፈልግ ኒኛ እንደታመመ ሰው አየችኝ። እኔን! እንጀራ በሊታዋን!

የፑፑሳ ነገር እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዝርዝሩ ላይ «ሬቩዌልታ» የሚል አየሁ፣ የተቀላቀለ ማለት ነው። እንደኛ በየዓይነቱ መስሎኝ አዘዝኩ። ሁለቱን ጥርግ አድርጌ ሦስተኛው ላይ «ምኑ ነው እንዲህ የሚያጣፍጠው?» አልኳት። «ቺቻሮን» አለች። አልገባኝም። «ቱንኮ» አለች። እሱም አልገባኝም። ከዚያ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችውና አንዴ አንኮራፋች። አሳማ! የእመቤቴን ስም ጠርቼ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ነገሩን ስነግራት ከኔ በላይ የደነገጠችው እሷ ናት፤ ደረቷን እየመታች ይቅርታ ስትለምነኝ እኔ አጽናኝ ሆንኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የትም ብንሄድ ከኔ ቀድማ «ሲን ቱንኮ» ትላለች፣ አሳማ የሌለበት። ለፆም ቀን የቦሎቄው ፑፑሳ አለ እንዳትሉ ብቻ፤ ቦሎቄው በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል፣ ጠይቁ።

በዚያ ቤት ነው ሳልሳ ልማር ነው ብዬ የነገርኳት። ሳቀች። «ሳልሳ የኛ አይደለም እኮ።» ግድግዳው ላይ ብር እየበላ የሚዘፍን ማሽን አለ፤ ተነስታ አንድ ዶላር አጎረሰችውና ኩምቢያ አስጀመረች። ኩምቢያም ቢሆን ትውልዱ ኮሎምቢያ ነው፣ ግን መካከለኛው አሜሪካን ሁሉ አዳርሶ ሳልቫዶር ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ባቻታ የዶሚኒካን ነው። ሳልሳ ደግሞ ሥሩ ኩባ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ በፖርቶሪኮና በኩባ ልጆች እጅ ነው ስሙን ያገኘው። «ላቲን» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ከተማ ውስጥ «ላቲን ናይት» የሚሉት ምሽት ላይ ሄጄ ያየሁትንም ልንገራችሁ። መድረኩ ላይ ጠበቃው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ቻይናዊቷ፣ ሕንዳዊው፣ እኔ። አንዳንዶቹ ጉድ ያሰኛሉ፤ ሱፍ ልብሱን አውልቆ የተለወጠ ሰውዬ አለ፣ ጫማው በተለየ ቦርሳ ነው የሚመጣው፣ ሶሉ ለስላሳ ቆዳ ሆኖ ወለሉ ላይ እንዲንሸራተት። የሳልቫዶሩን ልጅ ያየሁት ብርጭቆ ሲሰበስብ ነው። በሁለት ትሪ መሃል ሲያልፍ ግን ወገቡን አየሁት። እኛ አምስት ስድስት ሰባት እያልን የምንፈልገውን ነገር እሱ ትሪ ተሸክሞ ይዞት ይዞራል።

ይሄን ስል ምሽቱን እየናቅኩት አይደለም። ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ ትምህርት አለ፣ ከዚያ መብራቱ ዝቅ ይልና ጭፈራው ይጀመራል። ሰው መጥቶ እጁን ይዘረጋል፣ አንድ ዘፈን ትጨፍሪያለሽ፣ አመሰግናለሁ ተባብላችሁ ትለያያላችሁ። ስልክ የለም፣ «የት ነው የምትኖሪው» የለም። ለሀበሻ ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የማላውቀው ወንድ እጄን ይዞ ሌላኛውን እጁን ጀርባዬ ላይ ሲያሳርፍ፣ መጀመሪያ ወደ በሩ ነበር የማየው፣ የሰፈር ሰው ገብቶ እንደሆነ ብዬ።

ገባም። አንድ ሐሙስ ማታ ነጭ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ የጣለ፣ ሃምሳ ምናምን የሚሆን ሰው መድረኩን ብቻውን ይዞታል። ሌሎቹ ወደፊትና ወደኋላ ሲሉ እሱ ይዞራል፣ ሴቷን በክብ ያዞራል፣ እግሩ ግን መሬት የነካ አይመስልም። ኩባዊ ነው ብዬ ሙሉ በሙሉ አምኜ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ፊቱን እየጠረገ አጠገቤ ቆመና በጠራ አማርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አይዞሽ፣ እኔም ተደብቄ ነው የመጣሁት» ብሎ ሳቀ። ጋሼ ያደገው ኩባ ነው። አባቱ ኦጋዴን ላይ ሞተ። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እና 78 የሶማሊያ ጦር ሲገባ የኩባ ወታደሮች ከኛ ጎን ሆነው ተዋጉ፣ ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነት ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት ወደሚባለው የኩባ ደሴት ተላኩ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት ማሳ። ጋሼ የሄደው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «ዳንሱን ማን አስተማረዎት?» አልኩት። «ማደሪያው» አለኝ። «ቅዳሜ ማታ ሌላ ምን አለ?» አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ላይ የሞቱት ኩባውያን ፎቶ አለ። እኔ ስንት ዓመት በታክሲ በዚያ አልፌያለሁ። ጋሼ አገር ቤት በገባ ቁጥር እዚያ ይቆማል፣ እነዚያን ፊቶች ያያል፣ ከዚያ ማታ ሳልሳ የሚያጫውት ቤት ይፈልጋል። «ሰው እብድ ነው ይለኛል» አለኝ፣ ፎጣውን አጣጥፎ። ያን ዕለት ሁለት ዘፈን አብሬው ጨፈርኩ። አንድ ቃል ነው የመከረኝ። «አትቁጠሪ፣ ክላቬዋን ስሚ።»

ክላቬ ሁለት ዘንግ እንጨት ናቸው፣ ሲጋጩ ቀጭን ደረቅ ድምፅ የሚሰጡ። አምስት ምት ናት ያለችው። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፤ ወይ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ከበሮው፣ ፒያኖው፣ ጥሩምባው ሁሉ በሷ ዙሪያ ነው የሚታጠረው። አንዳንዴ ማንም አይመታትም፣ ግን ሁሉም ያውቃታል። አገር ቤት ዘፈን ሲነሳ ማንም ሳያስተምረን ችክችካውን በጭብጨባ እንደምንይዘው ማለት ነው። እንግዳ ያጨብጭብ ብላችሁ እዩት፣ ይጠፋበታል። እኔ ደግሞ እዚህ ያ እንግዳ ነኝ።

ጋሼ ነው ስለ ሙላቱ አስታጥቄም ያስታወሰኝ። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «የኢትዮጵያ ኩንቴት» ብሎ ቡድን አቋቁሞ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ሥራ ሁለት ቅጽ ሲያወጣ፣ አብረውት የተጫወቱት የፖርቶሪኮ ልጆች ነበሩ። ኢትዮ ጃዝ ውስጥ ኮንጋ የሚባለው ከበሮ ከየት መጣ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ ግማሹ እዚያ ነው። ስንኮራበት የኖርነው ሙዚቃ ውስጥ እነሱ አሉ ማለት ነው። እኔ ግን ግድግዳ እየደበደብኩ «ቀንሱ!» እል ነበር።

ባቻታን ለመልመድ ግን ማንም አላስቸገረኝም። አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት ላይ ወገብን እንጥብ ማድረግ ነው። የያዘኝ ጊታሩ ነው፣ እያለቀሰ የሚጫወት ጊታር። ድሮ ስሙ «የምሬት ሙዚቃ» ነበር አሉ፣ አማርጌ። ዶሚኒካን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የድሃና የመሸታ ቤት ዘፈን ተብሎ ተንቆ፣ ጨዋ ቤት አይገባም ነበር። እንደ ዘፋኙ ሁዋን ሉዊስ ጌራ ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ከፍ አደረጉት፣ በ2019 ዩኔስኮ መዘገበው። አሁን ሁሉም የኔ ነው ይላል። አዝማሪ እያስለቀሰን ልጃችንን ግን ለአዝማሪ አንድርም የምንለው እኛ ይሄ አይጠፋንም። ትዝታ ስሰማ የሚቆነጥጠኝ ቦታ ላይ ነው ባቻታም የሚቆነጥጠኝ። ቃሉን አልሰማም፣ ማን ማንን ትቶ እንደሄደ ግን ይገባኛል።

ጭፈራ ብቻ አይደለም ደግሞ። ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ 14ኛ መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራው የቲቮሊ ሕንፃ ውስጥ GALA የሚባል የስፓኒሽ ቲያትር ቤት አለ። GALA ራሱ በ1976 ነው የተቋቋመው፣ ቲቮሊ የገባው በ2005። ተዋናዮቹ በስፓኒሽ ይናገራሉ፣ ከመድረኩ በላይ እንግሊዝኛው ይነበባል። እኔ ግማሹን እያነበብኩ፣ ግማሹን በኪችን ስፓኒሼ እየገመትኩ ነው የማየው። ሰው ከላይ ካለው ጽሑፍ ቀድሞ ሲስቅ ላቲኖቹን በጨለማ ትለዩዋቸዋላችሁ። ቀናሁ፣ አልዋሽም። እኔ እዚህ ያየሁት የአማርኛ ቲያትር ሁሉ ለአንድ ማታ በተከራዩት አዳራሽ ነው፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ውጡ እየተባለ።

ከዚያ በእግር ትንሽ ሄዳችሁ ማውንት ፕለዘንት ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1991፣ እሑድ ማታ፣ አንዲት ፖሊስ አንድ የሳልቫዶር ስደተኛ በጥይት አቆሰለች፣ ሰፈሩ ተነሳ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ከንቲባዋ ሰዓት እላፊ አወጀች። ኒኛ ያኔ እዚያው ነበረች፣ ልጇን ይዛ አልጋ ሥር አደረች። ኑሯችን አይታይም፣ ቋንቋችን አይሰማም የሚለው ብሶት ለዓመታት ሲጠራቀም የቆየ ነበር። በ2004 ዲሲ የቋንቋ ሕግ ስታወጣ፣ ከታገሉለት መሃል የላቲኖ ማኅበራት ነበሩበት። ዛሬ የዲሲ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ የአማርኛ ፎርም ሲሰጧችሁ በዚያ ሕግ ነው። ይሄን ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ፎርሙን ግን ስንቴ ሞልቻለሁ።

መስከረም አካባቢ ፊየስታ ዲሲ የሚባለው በዓላቸው አለ፣ ድሮ ማውንት ፕለዘንት ነበር፣ ኋላ ወደ መሃል ከተማ ወረደ። ለቦሊቪያዎቹ ብቻ ብትሄዱም አትከስሩም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ናቸው። ወንዶቹ ቦቲያቸው ላይ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ቃጭል ደርድረው ነው የሚዘሉት። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ቃጭል ግዢልኝ አለችኝ። አልገዛሁም፣ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ሥራችንን እናውቃለን።

ያለፈው ክረምት ኒኛ የልጅ ልጇን ኪንሴ ጠራችኝ። ኪንሴ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት የሚደገስ ድግስ ነው። ሰርግ ነው የመሰለኝ፤ ልጅቷ በሩን የሞላ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ወጪውን ዘመድ ነው የተከፋፈለው፣ አንዱ ኬኩን፣ አንዱ አዳራሹን፣ አንዱ ሙዚቃውን፤ መዋጮ ነው፣ እነሱ ግን ለእያንዳንዱ ማዕረግ ይሰጡታል። አባትየው፣ ጣሪያ ሠሪ ነው፣ እጁ እንደ ብረት የጠነከረ፣ መሃል አዳራሽ ተንበርክኮ የልጁን ጠፍጣፋ ጫማ አወለቀና ታኮ አደረገላት። ማሰሪያው አስቸገረው። ጣቱ ለዚያች ትንሽ ዘለበት በጣም ትልቅ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀው። ልጅቷ ትከሻውን ይዛ ቆማለች። ሲሳካለት ቀና አላለም፣ ትንሽ እንዳጎነበሰ ቆየ።

ከዚያ ዲጄው ኩምቢያውን ለቀቀው። አያቱም ሕፃኑም ተነሳ፣ ክብ ተሠርቶ መዞር ሆነ። ኒኛ እጄን ስባ አስገባችኝ። «ስንት ነው የምቆጥረው?» አልኳት። «ምን ትቆጥሪያለሽ? ሒሳብ ነው?» አለችኝ። እንዲያ ስዞር ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ጀመረ። ማንም ተይው አላለኝም። አንዷ ልጅ እንደውም ከኋላዬ ሆና ልታስመስለኝ ስትሞክር፣ አንገቷ እንጂ ትከሻዋ እምቢ አላት።

ስወጣ እኩለ ሌሊት አልፏል። ኒኛ በሩ ላይ ደርሳብኝ በፎይል የተጠቀለለ ነገር ብብቴ ሥር ወተፈችልኝ፣ ለልጅሽ ብላ። መኪና ውስጥ መብራት አብርቼ አየሁት። ፎይሉ ላይ በማርከር በትልልቁ ጽፋበታለች፣ ሲን ቱንኮ።